ማንንም የማይፈራ የፕላስተር ሰው

አክስቴ በሯን የምትቆልፈው ሦስቴ ነው። አንዴ በቁልፉ፣ አንዴ ከላይ ባለው ጓጉንቸር፣ አንዴ ከታች ባለው ጓጉንቸር። ከዚያ እስከ ግቢው በር ትሄድና ተመልሳ መጥታ ትነቀንቀዋለች። ግቢው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ሦስቴ» ነው የሚሏት። እሷም ለምዳው አቤት ትላለች።

እኔን ደግሞ «በቀቀን» ይሉኛል፤ ሰው ስለማስመስል ነው። ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁትም በዚሁ ጣጣ ነው። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱን ማይክ ክፍት አገኘሁትና በዳይሬክተሩ ድምፅ «ተማሪዎች በሙሉ ወደየቤታችሁ!» ብዬ ትምህርት ቤቱን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አሰናበትኩት። በማግስቱ እነሱ እኔን አሰናበቱኝ፤ የኔ እረፍት ግን ይኸው እስካሁን አላለቀም። እናቴ «እዚህ ተቀምጠሽ ጎረቤት ከምታስቀይሚብኝ አክስትሽ ጋ ሂጂ፤ ብቻዋን ናት፣ ትፈራለች» ብላ ላከችኝ።

ትፈራለች ማለት ለአክስቴ ትንሽ ነው። ድመት ጣሪያ ላይ ሲሄድ ማንኪያዋ እጇ ላይ ይቆማል። የምትኖረው መሬት ላይ ባለ አንድ ክፍል ነው፤ አንድ በር፣ ግቢውን የሚያይ አንድ ሰፊ መስኮት።

ሥራዋ አሻጊነት ነው። የቤት ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ሶፋ፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት በስስ ላስቲክ ትጠቀልላለች፣ በፕላስተር ትወጥራለች። ሃያ ሁለት ዓመት እሱን ሠርታለች። ፕላስተሩን በጥርሷ ነው የምትበጥሰው፤ የፊት ጥርሷ በፕላስተር ልክ ተሞርዷል። እሷ ያሸገችው ዕቃ ላይ አንዲት መጨማደድ አይገኝም።

ሌባው የገባባት እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። ያን ቀን ራሷን አሟት በጊዜ ከሥራ ተመልሳ ተኝታለች። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መስኮቱ ሲከፈት ሰማች። አልጮኸችም። ቀስ ብላ ተነስታ ቁም ሳጥኑና ግድግዳው መሃል ባለችው ጠባብ ቦታ ተወሸቀች። ሰውየውን አላየችውም። የሰማችው ጫማውን ነው። የቀኙ ጫማ ሲረግጥ ይጮሃል። «ጭርጥ»… ዝም… «ጭርጥ»… ዝም። ቤቱን ዞረው። መጥቶ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆመ። ቆመ፣ ቆመ፣ ቆመ። ከዚያ ካውያዋን አንስቶ በመጣበት ወጣ።

«ካውያው ገደል ይግባ» ትላለች ስታወራው። «ግን ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሞ ምን ነበር የሚያዳምጠው? እኔን ነው?»

እኔ ምን አደረግኩ? በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቀልድ መስሎኝ፣ ከበሩ ውጭ ቆሜ በምላሴና በላንቃዬ ያንን ድምፅ አወጣሁት። «ጭርጥ»… ዝም… «ጭርጥ»። በጣም ነው የተዋጣልኝ። ሳቄን አፍኜ «አንቺ ባለጌ!» እስክትለኝ ጠበቅኩ። ገብቼ ሳይ ሻይዋ ጠረጴዛው ላይ ይጨሳል፣ እሷ የለችም። ቁም ሳጥኑ ጀርባ አገኘኋት። በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ዓይኗ እያየኝ አያየኝም። እግሯ ስር ወለሉ ርሷል።

ወለሉን የወለወልኩት እኔ ነኝ። ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን አክስቴ አንድ ነገር ካለችኝ መልሴ እሺ ነው።

የፕላስተሩ ነገር የጀመረው በስህተት ነው። መጋዘኑ ውስጥ አንድ ባለ ክንድ ወንበር አሽጋ ስትጨርስ አለቃዋ መጥቶ «እሱ አይደለም የተሸጠው፣ ያኛው ነው!» አላት። ጀርባውን በመቀስ ቀደደችና ወንበሩን ጎትታ አወጣችው። ልጣጩ ግን አልወደቀም። እንደቆመ ቀረ። መደገፊያው አለ፣ ክንዶቹ አሉ፣ ትራሱ ላይ የነበረችው ጉድጓድ ሳትቀር አለች፤ ወንበሩ ብቻ የለም። አንዱ ጫኝ በእግሩ ሊጨፈልቀው ሲል «አትንካው!» ብላ ጮኸች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጮህ ሰምተዋት አያውቁም።

ወንበር የሌለበትን ወንበር ራሷ ላይ ተሸክማ ቤት አመጣችው። ጥግ ላይ አቆመችውና አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ስታየው አመሸች። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋ በፕላስተር ጭራሮ ተሞልቶ ነበር፤ ጥቅልሉ ሊያልቅ ሲል እዚያ የሚጥሉትን ማለት ነው።

«ነይማ ቁሚ» አለችኝ።

«እንደ ማን ልቁም?»

«እንደ ወንድ። እንደ ትልቅ ወንድ።»

የመጋዘኑን ዘበኛ ሆንኩላት። እግሬን ከፍቼ፣ ሆዴን ነፍቼ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ። መጀመሪያ ልብሴ ላይ ስስ ላስቲክ ጠቀለለችብኝ፣ እንዳይጣበቅ። ከዚያ ፕላስተሩን አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም፣ አንዴ በሰያፍ። ጀርባዬን በመቀስ ከፍታ አወጣችኝና ቀዳዳውን መልሳ አሸገችው። ራስ የለውም፤ ከአንገት በታች ግን ዘበኛው ራሱ ነው። መስኮቱ ጋ አቆመችው፣ ውስጡ አምፖል አደረገችበት፣ መጋረጃውን እስከ አንገቱ አወረደችበት። ሲመሻሽ ከግቢ ሆኖ ላየው ሰው ቤቱ ውስጥ አንድ ደንዳና ሰው ቆሟል።

አክስቴ ያን ቀን እንቅልፍ ወሰዳት። አንኮራፋች ብላችሁ ታምናላችሁ?

ከዚያ በኋላ ግን ማቆም አቃታት። ሁለተኛ ሠራች፣ ሦስተኛ ሠራች። ፕላስተሩ መሃል ቀይ ፌስታል በጣጥሳ አስገባችና የደም ሥር የሚመስል ነገር አወጣችበት። እጅ ብቻ ሠርታ ከጣሪያው ላይ በክር ሰቀለች፤ አሥራ አንድ እጅ፣ ሁሉም የኔ፣ አንዱ ይለምናል፣ አንዱ ይከለክላል፣ አንዱ በር ይገፋል። ካልተዋጣላት ቀድዳ ትጥለውና እንደገና «ቁሚ» ትለኛለች።

«አክስቴ፣ አሁን ይሄ ለሌባ ነው?»

«ዝም በይና እጅሽን ዘርጊ።»

አንዱን እስካሁን አልወደውም። ደረቱ ውስጥ ሰማያዊ ፌስታል አለ። መስኮቱ ገርበብ ሲል ንፋስ ይገባና ፌስታሉ ይነፋል፤ ቀጥሎ አየሩ ወጥቶ ይሰልላል። ይነፋል፣ ይሰልላል። ራስ የሌለው ሰው ሲተነፍስ ማየት ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የምተኛው።

ስሙን ምን እንደሚሉት አናውቅም ነበር። ግቢው ውስጥ የሚሠራው አናጢ በመስኮት አይቶ «ሦስቴ፣ ይሄ እኮ ኤግዚቢሽን ላይ የሚቀርብ ነው!» አላት፤ አክስቴ ስድብ መስሏት ሦስት ቀን ዘጋችው።

ታዲያ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከፕላስተሮቹ መሃል መስኮቱ ጋ ድርቅ ብዬ ቆምኩና ጎረቤታችን ልብስ አጣቢዋ ልታይ ጠጋ ስትል «ባ!» አልኳት። ሳፋዋን ጥላ ሮጠች። ስለጣመኝ ደግሜ፣ ደጋግሜ አደረግኩት። በሳምንቱ ግቢው በሙሉ ሦስቴ መስኮት ላይ የሚቆሙት ሰዎች ፕላስተር እንደሆኑ፣ ከመሃላቸው የሚንቀሳቀስ ካለ ደግሞ በቀቀን እንደሆነች አወቀ። ወሬው አከራያችን ጋም ደረሰ።

አከራያችንን ፊት ለፊት «እትዬ» ነው የምንላቸው፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «እትዬ ጉንፋን»። አፋቸውን ሳይከፍቱ በአፍንጫቸው ነው የሚያወሩት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ አገጫቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው፣ ንግግራቸውን ሁሉ «ገባሽ?» ብለው ይዘጉታል። መጥተው ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና «ቤቴን በእሳት እንዳታስበዪብኝ፣ አምፖሉን አውጪ፣ ገባሽ?» ብለው ሄዱ።

አክስቴ አምፖሉን አወጣች። ከዚያ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እጇን እያየች፣ «አበላሸሽብኝ» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አሁን ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ካወቀ እሱም ሰምቷል። ተመልሶ ይመጣል።»

«አክስቴ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው እኮ።»

«ቁም ሳጥኑ ፊት የቆመ ሰው ይመለሳል። እኔ እዚህ ቤት ከዚህ በኋላ ብቻዬን መሆን አልችልም፤ አንቺ ደግሞ አንድ ቀን ትሄጃለሽ።» ዞር ብላ ፕላስተሮቹን አየች። «ፊት ስለሌላቸው ነው። ፊት ያለው ሰው ያስፈልገኛል። ማንንም የማይፈራ ሰው ሁኚልኝ።»

አሰብኩ። አናጢው ሚስቱን ይፈራል። ልብስ አጣቢዋ መብረቅ ትፈራለች። የመጋዘኑ አለቃ የድርጅቱን ባለቤት ይፈራል፣ ዘበኛው አለቃውን ይፈራል። እኔ አይጥ። ግቢውን በሙሉ ዞሬ ዞሬ ማንንም የማይፈሩት እትዬ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ አገጬን ሰቅዬ ቆምኩላት። አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችና «እሱ ነው» አለች። «እንዳትንቀሳቀሺ።»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ነበር። ከመጀመሪያው ሰው በኋላ በክፍል በክፍል ነበር የምትሠራው፤ እግር ለብቻ፣ ደረት ለብቻ። ያን ቀን ግን «አንድ ላይ ነው የሚሠራው፣ ከተቆራረጠ በመገጣጠሚያው ፍርሃት ይገባበታል» አለችኝ። እግሬን ገጥማ እንደ እትዬ ረጅም ቀሚስ አድርጋ ጠቀለለችው። የተጣመሩትን እጆቼን ከነደረቴ አሰረቻቸው። ከዚያ ላስቲኩን በፊቴ ላይ ዘረጋችው። ለአፍንጫዬ በመቀስ ሁለት ቀዳዳ ከፈተችልኝ። አፌን ዘግታ፣ ከአገጬ ስር ፕላስተሩን አሳልፋ አናቴ ላይ አሰረችው።

«ይጠብቅሻል?»

«እምም» አልኳት።

ማጅራቴ ጋ ስትደርስ ፕላስተሩ አለቀ። ጭራሮዎቹንም ጨረሰቻቸው። «ሁለት ደቂቃ» አለችኝ። «ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ ደርሼ መጣሁ። አገጭሽን እንዳታወርጂ።»

ከዚያ ወጣችና ቆለፈች። እጇ ነው የቆለፈው፤ እሷ አላሰበችውም። እኔ ግን ሰማሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እግሯ ራቀ። ተመልሳ መጥታ ነቀነቀችው። እንደገና ራቀ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ሳቅ ግን ቦታ ይፈልጋል፤ ደረቴ አልተነፋም። ያኔ ነው ፕላስተሩ ምን ያህል እንደጠበቀ የገባኝ። ትንሽ ትንሽ መተንፈስ ጀመርኩ። በላስቲኩ ሁሉ ነገር ነጭ ሆኖ ይታየኛል፣ በወተት ውስጥ የምመለከት ይመስል። ላቤ ከግንባሬ ወረደ። ላቡ ሲገባ ላስቲኩ ከቆዳዬ ላይ መንሸራተት ጀመረ፤ ከነቀዳዳው። ግራ አፍንጫዬ ተዘጋ።

ሁለት ደቂቃው አለፈ። አምስትም አለፈ። ሰዓት አይታየኝም፤ ትንፋሼን ነበር የምቆጥረው። መቶ ስደርስ ትመጣለች አልኩ። መቶ ደረስኩ። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

ጥጉ ላይ ያ ራስ የሌለው ሰው ይተነፍሳል። ይነፋል፣ ይሰልላል፣ ቀስ ብሎ፣ ተመችቶት። እኔ በአንድ አፍንጫ «ፊፍ… ፊፍ…» እላለሁ። የኔን አየር እየወሰደብኝ መሰለኝ። ከዚህ ቤት አንዳችን ብቻ እንወጣለን ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ነገር ስታስቡ አእምሮ መሄድ ጀምሯል ማለት ነው።

መዝለል ጀመርኩ። እግሬ ታስሯል፤ በሁለት እግር እንደ እንቁራሪት ዘልዬ ዘልዬ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ግቢው ውስጥ ልብስ አጣቢዋ አንሶላ ታሰጣለች። በግንባሬ መስታወቱን መታሁት። ዞር አለች። አየችኝ! ደግሜ መታሁት። «እምምም!» አልኩ ባለ በሌለ ኃይሌ።

«አንቺ በቀቀን፣ ደግሞ ጀመረሽ?» አለችና ሳቀች። «ዛሬ አልደነግጥልሽም! ሥራ ፈት!» አንሶላዋን አስጥታ ባዶ ሳፋዋን ይዛ ገባች።

እዚያ ጋ ነው እውነተኛው ፍርሃት የመጣው። እስከዚያ የነበረው መጨነቅ ነው። ግቢው ሰው ሞልቶበታል፣ ሁሉም ያዩኛል፣ ማንም አይመጣም። እንደቆምኩ እሞታለሁ፣ መስኮት ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ እየሳቀብኝ። አገጬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፕላስተሩ ግን አያንቀጠቅጥም። ፊቴ ውስጥ ውስጡን ነበር የሚጮኸው። ዓይኔ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ መጣ።

ከግቢው ጥግ የአናጢው መጋዝ ይሰማል። መስኮቱ ገርበብ ብሏል፤ ለዚያኛው ፌስታል ብላ ነው አክስቴ የተወችው። ልጠራው አፌ አይከፈትም። በአፍንጫዬ ብቻ ነው ድምፅ ማውጣት የምችለው። በአፍንጫ…

አፉን ሳይከፍት በአፍንጫው የሚያወራ አንድ ሰው አውቃለሁ።

«አንተ አናጢ!»

መጋዙ ቆመ። ድምፁ ራሴን አስደነገጠኝ። እትዬ ነበሩ፣ ራሳቸው።

«አቤት እትዬ!»

«ና የሦስቴን በር ስበር! አሁኑኑ! ገባህ?»

እየሮጠ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «እትዬ… ከውጭ ተቆልፏል እኮ። እርስዎ እንዴት ገቡ?»

አየሬን ሰበሰብኩ። ብዙ የለኝም። «ወሬ… አልጠራሁህም! ስበር!»

«ኧረ ሦስቴ ስትመጣ ትጮህብኛለች፣ እትዬ። ቁልፏን ከነፍሷ በላይ ነው የምትወደው…»

«ቤቱ… የማን… ነው?»

ይሄኛው ሠራ። መሳሪያውን አመጣና የላይኛውን ጓጉንቸር ከነማያያዣው ነቀለው። የታችኛውን ነቀለ። ቁልፉን በትከሻው ሁለቴ ሲመታው በሩ ከነመቃኑ ተንቀጠቀጠና ተነቅሎ ወደቀ። ገባ። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። አሥራ አንድ እጅ ተሰቅሏል፣ ራስ የሌላቸው ሰዎች ቆመዋል፣ እትዬ የሉም።

«እትዬ?» አለ፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«አናጢ» አልኩት፤ በኔ ድምፅ፣ በቀረችኝ ትንሽ። ከዚያ እሱ ላይ ወደቅኩ።

ጮኸ። እውነቱን ነው። ይዞኝ ነው የጮኸው ግን። መሬት ላይ አስተኝቶኝ፣ ከአፍንጫዬ ላይ ላስቲኩን በጥፍሩ ቀደደው። የመጀመሪያዋ ትንፋሽ እንዴት እንደምትጣፍጥ! የአክስቴን መቀስ አነሳና ከማጅራቴ ጀምሮ ወደ ታች ከፈተው። አክስቴ ያላሸገቻት ቦታ ነች ያዳነችኝ፤ መቀሱ በቀላሉ ገባ። እኔ ከውስጥ ወጥቼ ወለሉ ላይ በአራት እግሬ ሆኜ እያለቀስኩ ሳስል እሱ ግንባሩን ይዞ «እናንተ ሰዎች ታማችኋል፣ ሁለታችሁም ታማችኋል» ይላል።

አክስቴ የመጣችው ያኔ ነው። እየሮጠች። አክስቴ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። እጇ ላይ ሁለት ጥቅልል ፕላስተር ይዛለች። የተነቀለውን በር አላየችውም፣ ረግጣው ነው ያለፈችው። እኔ ላይ ወደቀች፣ ፊቴን በመዳፏ ትዳስሳለች። «አለሽ? አለሽ?»

«የት ሄደሽ ነው?» አልኳት።

ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረችኝ። ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ ፕላስተር አልቆበታል። መንገዱን ተሻግራ ደብተር የሚሸጡበት ቤት ሄደች። ገዝታ ልትወጣ ስትል ከኋላዋ ሰማችው። «ጭርጥ»… ዝም… «ጭርጥ»። እንዴት እንደገባች አታውቅም፣ ብቻ ራሷን ከባንኮኒው ጀርባ የወረቀት ካርቶኖች መሃል አገኘችው፣ ተቆራምታ፣ እጇ አፏ ላይ። ባለሱቋ «ምን ሆነሽ ነው?» ትላታለች። ሰውየው ፖስታ እየመረጠ ነው። መርጦ አይጨርስም። ቢጨርስም በሩ ላይ ቆሞ ከአንዱ ጋር ወሬ ጀመረ።

«አንቺን አስታወስኩ» አለችኝ። «ሦስቱንም ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ስነካ አስታወስኩ። በሩ አንድ ነው፣ እሱ ቆሞበታል። በአጠገቡ አለፍኩ።»

«ፊቱን አየሽው?»

«ጫማውን ነው ያየሁት። አዲስ ነው። ገና ከካርቶን የወጣ።»

«አዲስ ጫማ እኮ ሁሉም ይጮሃል፣ አክስቴ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሳልፍ አላወቅኩም ነበር።»

በዚህ መሃል በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። እውነተኛዋ እትዬ። እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ አገጫቸው ወደ ላይ።

«በሬን ማነው የሰበረው?»

አናጢው መቀሱን ከኋላው ደበቀ። «እ… እርስዎ ነዎት ያዘዙኝ።»

«እኔ?!»

ያኔ ወለሉ ላይ የተጋደመውን አዩት። ልጣጬን። አናጢው ሲያወጣኝ ጀርባው ተከፍቶ፣ አፍንጫው ጋ ተቀድዶ ቀርቷል እንጂ ፊት ለፊቱ እንዳለ ነው። አክስቴ ተነስታ አቆመችው፤ ምን እንደምታደርግ ያወቀች አልመሰለኝም፣ እጇ ለምዶበት ነው። ቆመ። የተጣመሩ እጆች፣ የተሰቀለ አገጭ፣ ረጅም ቀሚስ። ከአንገት በታች እትዬ ናቸው፣ ምንም ክርክር የለውም።

ፊቱ ግን ሌላ ነው። በላቤና በሙቀቴ ለስልሶ የኔን ፊት ይዟል፤ መስኮቱ ላይ የነበረውን። ቅንድቡ ወደ ላይ ሸሽቷል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ተስቧል። አፉ ተዘግቶ ከንፈሩ ከውስጥ ይገፋል፣ ጩኸቱ አሁንም እዚያ ያለ ይመስል። አየሁትና ዞር አልኩ። እኔ የሰውን ሁሉ ፊት ሠርቻለሁ፤ ያንን ግን እኔ አልሠራሁትም።

እትዬ ረጅም ጊዜ አዩት። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን፤ ከቤት ውጡ እስኪሉን። ከእግር እስከ አንገቱ ሲያዩ የሚያውቁት ነገር መሰላቸው። ፊቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ማነው ይሄ?» አሉ።

አናጢው እኔን አየኝ። እኔ መሬቱን።

«እኔ ነኝ» አለች አክስቴ።

«አንቺ?»

«ፊቱ የኔ ነው። ቁም ሳጥኑ ጀርባ ሆኜ።» እጇ ወደ ጠባቧ ቦታ አመለከተ። ስለዚያ ቀን ለሌላ ሰው ስትናገር የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው። «ሌባው የገባ ቀን።»

እትዬ ቁም ሳጥኑን አዩ፣ ፊቱን አዩ። «አንቺ አገጭሽን እንዲህ ሰቅለሽ ትቆሚያለሽ እንዴ?»

«አልቆምም» አለች አክስቴ። «ልለምደው ነው።»

እትዬ በአፍንጫቸው ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ደረታቸው ላይ የተጣመረው እጃቸው ሲላላ ያየሁት መሰለኝ፤ ላይሆንም ይችላል። ወደ አናጢው ዞሩና «በሩን እስኪመሽ ሠርተህ ግጠመው፣ ገባህ?» አሉት። እኔን ደግሞ አንድ ጊዜ አዩኝ። «አንቺን አገኝሻለሁ።» እስካሁን አላገኙኝም፤ እግራቸውን ስሰማ እጠፋለሁ።

ያ ሰው አሁንም ቤታችን ውስጥ አለ። አክስቴ መስኮቱ ላይ አላቆመችውም። ቁም ሳጥኑና ግድግዳው መሃል ባለችው ጠባብ ቦታ አስገባችው፣ ፊቱን ወደ ክፍሉ አድርጋ። «ቦታው ተይዟል» አለችኝ፤ «እኔ ከእንግዲህ አልገባበትም።» ሌሎች ትሠራለች፣ ራስ ያላቸውም አሉ፤ ፊት ግን ከሰው ላይ አታነሳም፣ በካርቶንና በፌስታል ራሷ ትፈጥረዋለች። እኔም ከአንገቴ በላይ ላስቲክ ሲመጣ እግሬ ይሸሻል። ስተኛ አንሶላ አፌን ከነካኝ ተነስቼ እቀመጣለሁ። «ጭርጥ» የሚለውን ድምፅ ደግሞ ምላሴ ያውቀዋል፤ አላወጣውም።

አናጢው በሩን አስተካክሎ ገጠመው። ቁልፉን ቀየረው፣ የታችኛው ጓጉንቸር ተርፎ ነበርና መለሰው። የላይኛው ተጣምሞ ተጥሏል።

«ሌላ ላምጣልሽ?» አላት።

አክስቴ የተነቀለበትን ባዶ ቀዳዳ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«ይቆይ» አለችው።